አንድ ጊዜ የተመዘገበ ሽያጭ፦ የተቀናጀ የአስተዳደር ሶፍትዌር ለነቀምቴና ለወለጋ ከተሞች ድርጅቶች

የንግድ ድርጅት ሥራ ምንም ያህል ቢሰፋ ከጥቂት መሠረታዊ ድርጊቶች አይወጣም፤ ዕቃ ይገዛል፣ ያከማቻል፣ ይሸጣል፣ ገንዘብ ይከፍላል፣ ይሰበስባል፣ በዓመቱ መጨረሻም ያተረፈውን ወይም የከሰረውን ለባለቤቱና ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። ድርጅቱ ትንሽ ሳለ ይህን ሁሉ አንድ ሰው በአንድ ደብተርና በማስታወስ ችሎታው ይይዘዋል፤ እያደገ ሲሄድ ግን ግዢው በአንዱ፣ መጋዘኑ በሌላው፣ ሽያጩ በሦስተኛው፣ ሒሳቡም ከውጭ በተቀጠረ ባለሙያ እጅ ይገባና አንዱ የጻፈው ከሌላው ጋር መግጠሙን የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። በሙያው ሰዎች ዘንድ በአጭሩ ኢአርፒ ተብሎ የሚታወቀው የተቀናጀ የድርጅት አስተዳደር ሶፍትዌር የተሠራው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው። ሶፍትዌሩ ግዢን፣ መጋዘንን፣ ሽያጭን፣ ሒሳብን፣ ደመወዝንና ምርትን የሚመለከቱ ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ሞጁል የሚባሉት እነዚህ ክፍሎች ሁሉ የሚሠሩት በአንድ የጋራ የመረጃ ቋት ላይ ነው፤ የመረጃ ቋት ማለት መዝገቦች ሁሉ እርስ በርሳቸው ተሳስረው የሚቀመጡበት ማዕከላዊ ማከማቻ በመሆኑ፣ አንድ ድርጊት አንድ ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ የሚመለከተው ሠራተኛ ሁሉ በያለበት ሊያየው ይችላል።

ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የአዲስ አበባ ትላልቅ ኩባንያዎች ብቻ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ይሁንና ከዋና ከተማዋ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ነቀምቴን ለተመለከተ ሰው፣ የንግዷ ጠባይ ራሱ እንዲህ ያለውን ሥርዓት የሚጠይቅ መሆኑ ግልጽ ነው። ከተማዋ የአራት አቅጣጫ መንገዶች መገናኛ ናት፤ አንዱ በባኮና በአምቦ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው በጊምቢ በኩል ወደ ደምቢ ዶሎና ወደ አሶሳ፣ ሦስተኛው በበደሌ በኩል ወደ ጅማ፣ አራተኛው ደግሞ በኡኬና በአንገር ጉቲን አልፎ ወደ ቡሬ ይወስዳሉ። በመሆኑም የነቀምቴ ጅምላ ነጋዴ ሲሚንቶውን፣ ቆርቆሮውን፣ ዘይቱንና ስኳሩን ከአዲስ አበባ አስጭኖ ያስመጣና ለኡኬ፣ ለአርጆ፣ ለጊምቢ ወይም ለሻምቡ ቸርቻሪ ያከፋፍላል፤ በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ ቡናው፣ ሰሊጡና በቆሎው ከገጠሩ ተሰብስቦ በነቀምቴ በኩል ወደ መሐል ሀገር ይወጣል። ገዢውና ሻጩ በየቀኑ የማይገናኙበት፣ ዕቃው በአንድ ከተማ፣ ገንዘቡ በሌላ ከተማ የሚገኝበትና ዱቤ የግብይቱ ዋና መሠረት የሆነበት ንግድ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ተጀምሮ ከሚያልቅ ንግድ ይልቅ የመዝገብ ትክክለኛነት ያስፈልገዋል።

በአሁኑ ጊዜ በእነዚህ ከተሞች መካከለኛ ድርጅቶች ዘንድ የሚታየው የተለመደ አሠራር የሚከተለውን ይመስላል። መጋዘን ጠባቂው የእያንዳንዱን ዕቃ መግቢያና መውጫ ቢን ካርድ በሚባለው የክምችት መመዝገቢያ ካርድ ላይ ይጽፋል፤ ሻጩ በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ የዱቤ ደንበኞች ስምና ዕዳ ባለቤቱ ከጎኑ በማይለየው ደብተር ውስጥ ይሰፍራል፤ የሒሳብ ሠራተኛው ደግሞ በወሩ መጨረሻ ደረሰኞቹን ሰብስቦ በኢትዮጵያ ኮሌጆች ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ በኖረው ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ወይም በኤክሴል ሠንጠረዥ ይመዘግባል። ፒችትሪ በራሱ መጥፎ መሣሪያ አይደለም፤ ለብዙ የሀገሪቱ ሒሳብ ሠራተኞች እንጀራ የሰጠ ፕሮግራም ነው። ነገር ግን እንዲህ ባለው አሠራር የሚመዘግበው አስቀድሞ ያለፈውን ነገር በመሆኑ፣ ባለቤቱ በጥቅምት ከሸጠው ያገኘውን ትርፍ የሚያውቀው በኅዳር አጋማሽ፣ አንዳንዴም ግብር ማሳወቂያው ሲደርስ ብቻ ይሆናል።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይሻላል። አንድ የነቀምቴ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ ለአንድ የኡኬ ቸርቻሪ 100 ቆርቆሮ በዱቤ ሸጠ እንበል፤ ለስሌት እንዲያመች አንዱ ቆርቆሮ በ900 ብር ተገዝቶ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት በ1,000 ብር የተሸጠ ይሁን። ሽያጩ 100,000 ብር፣ በ15 በመቶ የሚሰላው ታክስ 15,000 ብር፣ ደንበኛው የሚከፍለው ጠቅላላ ድምር ደግሞ 115,000 ብር ነው። በተቀናጀው ሶፍትዌር ሻጩ ይህንን አንድ ሽያጭ ሲመዘግብ ቢያንስ አምስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይከናወናሉ፤ የደንበኛው ዕዳ በ115,000 ብር ይጨምራል፣ የሽያጭ ገቢ በ100,000 ብር ያድጋል፣ ለመንግሥት የሚከፈለው ታክስ 15,000 ብር ሆኖ ይመዘገባል፣ የመጋዘኑ ክምችት በ100 ቆርቆሮና በ90,000 ብር ይቀንሳል፣ ያው 90,000 ብር ደግሞ የተሸጠው ዕቃ ወጪ ሆኖ በትርፍና ኪሳራ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ማንም ሰው ቁጥሩን ከአንድ ወረቀት ወደ ሌላ ወረቀት አይገለብጥም። ባለቤቱ በዚያው ቅጽበት 10,000 ብር ያልተጣራ ትርፍ ማግኘቱን፣ ደንበኛው ከተፈቀደለት የዱቤ ጣሪያ ማለፍ አለማለፉንና የቀረው ቆርቆሮ ለስንት ቀን እንደሚበቃ ያያል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ብዙ ነጋዴዎችን የሚጎዳ አንድ ጉዳይ ተደብቋል። ደንበኛው ገና አንድም ብር አልከፈለም፤ ሆኖም በመደበኛው አሠራር የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚታሰበው ደረሰኙ በተቆረጠበት ወር ስለሆነ፣ አከፋፋዩ ከግዢው ላይ የከፈለውን ታክስ አቀናንሶ ቀሪውን ከራሱ ኪስ አውጥቶ መክፈል አለበት። በወረቀት ላይ አትራፊ የሆነ ድርጅት በእጁ ገንዘብ አጥቶ የሚጨነቀው በዚህ ምክንያት ነው። የሒሳብ ሰዎች የገንዘብ ፍሰት የሚሉት፣ ማለትም ገንዘብ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ የሚያሳየው ዝርዝር፣ ከትርፍ መግለጫው የተለየ መሆኑን ብዙ ባለሀብት የሚረዳው ከተቸገረ በኋላ ነው፤ የተቀናጀ ሶፍትዌር ደግሞ የዱቤ ቀነ ገደቦችን፣ የታክስ መክፈያ ጊዜንና የአቅራቢዎችን ክፍያ በአንድ ላይ ስለሚያይ ችግሩን ከሳምንታት በፊት ሊያሳውቅ ይችላል። ከጥቅሞቹ ሁሉ ለወለጋ ነጋዴ ትልቁ ይኸኛው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ባለሁለት ወገን የሒሳብ አያያዝ፣ እያንዳንዱ ግብይት በዴቢትና በክሬዲት ሁለት ጊዜ የሚጻፍበት ሥርዓት፣ ዛሬም የእነዚህ ሶፍትዌሮች ሁሉ አከርካሪ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፋብሪካዎች የጥሬ ዕቃ ፍላጎታቸውን በኮምፒውተር ማስላት ጀመሩ፤ በ1972 እ.ኤ.አ. ከአይቢኤም የወጡ አምስት መሐንዲሶች በጀርመን ኤስኤፒ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ፤ ኢአርፒ የሚለው ስያሜ የመጣው ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ዛሬ ከኤስኤፒና ከኦራክል ውድ ምርቶች ጎን፣ ከቤልጅየም የመጣው ኦዱና ከሕንድ የመጣው ኢአርፒኔክስት የመሳሰሉ፣ የምንጭ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌሮች ይገኛሉ፤ ክፍት የምንጭ ኮድ ማለት ማንም ባለሙያ ፕሮግራሙን ያለ ፈቃድ ክፍያ ወስዶ እንደ ሀገሩ ሁኔታ ሊያስተካክለው ይችላል ማለት ነው።

በኢትዮጵያም ቢሆን የተቀናጀ ሥርዓት እንግዳ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮምንና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን የመሳሰሉ ትላልቅ የመንግሥት ድርጅቶች እንዲህ ያሉ ሥርዓቶችን ዘርግተዋል። ለወለጋ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የመንግሥት በጀትና ወጪ የሚመዘገብበት አይቤክስ የተባለው ሥርዓት ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በተካሄደ የረጅም ጊዜ የፋይናንስ ማሻሻያ ፕሮጀክት ተሠርቶ ወደ ክልሎች፣ ዞኖችና ወረዳዎች የወረደው ይህ ሥርዓት፣ የበጀት ድልድልንና የወጪ ሒሳብን በአንድ ላይ ያያዘ በመሆኑ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ከተመደበለት በላይ ሊያወጣ ሲል የሚታወቅበትን መንገድ ከፍቷል።

ነቀምቴ ውስጥ ራሱ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው ምሳሌ የመድኃኒት አቅርቦት ነው። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በከተማዋ ቅርንጫፍ ያለው ሲሆን፣ በአካባቢው ለሚገኙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት ያከፋፍላል። በሀገር አቀፍ ደረጃ የተዘረጋው የተቀናጀ የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት መመሪያ ቀላልና ጥብቅ ነው፤ እያንዳንዱ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ የተጠቀመውንና የቀረውን መድኃኒት በአንድ የሪፖርትና የመጠየቂያ ቅጽ ያሳውቃል፤ ክምችቱ ከ4 ወር ፍጆታ መብለጥ፣ ከ2 ወርም ማነስ የለበትም፤ የሁለት ሳምንት ብቻ ከቀረ ደግሞ አስቸኳይ ጥያቄ ይቀርባል። ዳጉ የተባለው የመጋዘን ሶፍትዌር በብዙ የጤና ተቋማት የሚያገለግለው ይህንን ስሌት ለማቅለል ነው። የግል ነጋዴ ከዚህ ሊወስድ የሚችለው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ከፍተኛና ዝቅተኛ መጠን ከተወሰነ፣ ግዢ የሚታዘዘው መደርደሪያው ባዶ መሆኑ ሲታይ መሆኑ ይቀርና ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ ያለው የጉዞ ጊዜ፣ መንገድ ሲዘጋ የሚጨምረው ቀንም ጭምር፣ አስቀድሞ ታስቦበት ይሆናል። የመድኃኒት ቤት ባለቤት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ሶፍትዌሩ የእያንዳንዱን መድኃኒት የማብቂያ ቀን ስለሚይዝ ቀኑ የቀረበው አስቀድሞ እንዲሸጥ ያስታውሳል።

ከዚህ የሰፋውና ለወለጋ ሕይወት ይበልጥ ወሳኝ የሆነው የቡና ንግድ ነው። በዓለም ገበያ በነቀምቴ ስም የሚታወቀው የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ዋና መገኛ ወለጋ ሲሆን፣ አብዛኛው ምርት ሳይታጠብ በፀሐይ ደርቆ የሚዘጋጅ ነው። በግምት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀይ እሸት ቡና 1 ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ይገኛል፤ በመካከሉ ግን ማድረቅ፣ ማከማቸት፣ ጀንፈሉን መፈልፈል፣ ማበጠርና መልቀም አለ፤ በእያንዳንዱ ደረጃም ክብደት ይቀንሳል። ቅነሳው የእርጥበት ነው ወይስ የስርቆት? ከየትኛው ሰብሳቢ የመጣው ጀንፈል ነው አነስተኛ ቡና የሰጠው? የመፈልፈያው ወጪ ሲደመር አንድ ኪሎ ቡና በእውነት ስንት ፈጀ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው የምርት ሞጁል ነው፤ የገባውን የጀንፈል መጠን ከወጣው ንጹሕ ቡና ጋር በየጭነቱ ያመሳክራል፤ የጉልበት፣ የነዳጅና የማጓጓዣ ወጪን በየጭነቱ ላይ ያካፍላል። በደብተር የሚሠራ አቅራቢ የወቅቱን አጠቃላይ ውጤት ያውቅ ይሆናል፤ የትኛው ጭነት እንዳተረፈና የትኛው እንዳከሰረ ግን ለማወቅ ይቸገራል።

በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በጊምቢና በነቀምቴ መጋዘኖችን ከፍቶ፣ የቡናና የሰሊጥ አቅራቢዎች ምርታቸውን አስመዝነውና ደረጃ አስወጥተው በኤሌክትሮኒክ የመጋዘን ደረሰኝ እንዲገበያዩ አድርጓል። ቆየት ብሎ አቅራቢዎች ከላኪዎች ጋር በቀጥታ የሚተሳሰሩበት መንገድም ተከፈተ። አሁን ደግሞ ከውጭ የመጣ ብርቱ ግፊት አለ፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጡ ምርቶችን የሚከለክለው ደንብ፣ ወደ ኅብረቱ ገበያ የሚገባ ቡና የበቀለበት መሬት በካርታ መጋጠሚያ ተለይቶ እንዲታወቅ ያስገድዳል፤ ከ4 ሔክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ሲበቃ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ግን ዙሪያው ሁሉ መለካት አለበት። የተፈጻሚነቱ ጊዜ በተደጋጋሚ ቢራዘምም ጥያቄው ራሱ አልተነሣም። የወለጋ ቡና አምራች በአብዛኛው አነስተኛ ማሳ ያለው ገበሬ እንደመሆኑ፣ በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ቡና ከብዙ መቶ ማሳዎች የተሰበሰበ ሊሆን ይችላል፤ የገበሬውን ማሳ፣ የሸጠበትን ቀን፣ የገባበትን ጭነትና የተላከበትን ውል አያይዞ የሚያሳይ መዝገብ በወረቀት ለማዘጋጀት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ ለቡና ላኪዎች፣ ለአቅራቢዎችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የተቀናጀ ሥርዓት ምቾት መሆኑ ቀርቶ የገበያ መግቢያ ፈቃድ ወደ መሆን ተቃርቧል። ይህን ያህል የገበሬዎች መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ማክበርም ይጠበቅበታል፤ የገበሬው ስምና ማሳ የገበሬው ነውና።

የዋጋ መዋዠቅም ሌላው ጉዳይ ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በድሮው ዋጋ ገዝቶ ያከማቸውን ዕቃ በድሮው ትርፍ ሒሳብ የሸጠ ነጋዴ ደህና ያተረፈ መስሎት ቆይቶ፣ በተሰበሰበው ገንዘብ ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ መግዛት አልቻለም። የግዢ ታሪክንና የክምችት ዋጋን በየዕለቱ የሚያሳይ ሥርዓት ያለው ሰው ይህን አደጋ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ሊያይ ይችል ነበር።

የሕጉ ሁኔታም ወደዚያው ይገፋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ደንብ፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847፣ በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ተደምረው ሲታዩ፣ ንግድ በተመሳከረና በሚመረመር መዝገብ እንዲመራ የሚፈልግ መንግሥታዊ አቋም ያሳያሉ። መዝገቡ ያልተሟላ ግብር ከፋይ በግምት ሲወሰንበት የሚደርስበትን ሥቃይ በየዓመቱ የሚያውቀው ያውቀዋል። በዚህ ረገድ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፤ ሶፍትዌሩ ከተፈቀደ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ወይም ሥርዓት ጋር ካልተገናኘ የሚያትመው ወረቀት ሕጋዊ ደረሰኝ አይሆንም፤ ስለዚህ ግዢው ከመፈጸሙ በፊት ይህ መጠየቅ አለበት።

ስለ ጥቅሙ ይህን ያህል ከተባለ በኋላ እንቅፋቶቹን አለማንሣት አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። የመጀመሪያው የመብራትና የኔትወርክ ጉዳይ ነው። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ሻጮች የሚያቀርቡት ክላውድ የሚባለውን አሠራር ነው፤ ይኸውም ሶፍትዌሩና መረጃው ከድርጅቱ ውጪ በሚገኝ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ድርጅቱ በኢንተርኔት የሚጠቀምበት ማለት ነው። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር፣ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ እንደነበር ለሚያስታውስ ነጋዴ፣ በክላውድ ብቻ መመካት ሱቁን በሌላ ሰው ቁልፍ መቆለፍ ይሆናል። ለዚህ አካባቢ የሚስማማው ሶፍትዌሩን በድርጅቱ ቢሮ ውስጥ በሚቀመጥ አነስተኛ ሰርቨር ላይ አድርጎ፣ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ አዘጋጅቶ፣ የጊምቢና የኡኬ ቅርንጫፎች ያለ ኢንተርኔት እየመዘገቡ ግንኙነት ሲገኝ ከዋናው ጋር እንዲናበቡ ማድረግ ነው። የመረጃው ቅጂ ደግሞ በየጊዜው ከከተማው ውጪ መቀመጥ አለበት፤ ባለፉት ዓመታት በወለጋ ግጭት ምክንያት ከንብረታቸው ጋር የዕዳ ደብተራቸውን ያጡ ነጋዴዎች ያለ ማስረጃ የቀረ ገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠርና የቋንቋ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ይውላል፤ የታክስ ማሳወቂያም የሚቀርበው በኢትዮጵያ ወር ነው። ወሩን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሚቆርጥ ሶፍትዌር የጥቅምትን ሽያጭ ከፍሎ ከፊሉን በሌላ ወር ላይ ስለሚጥለው፣ የሒሳብ ሠራተኛው ሁሉንም እንደገና በእጁ ለማስላት ይገደዳል። የደመወዝ ሞጁሉም ቢሆን ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡበትን የጡረታ ሕግና የገቢ ግብሩን እርከን ካላወቀ ጥቅም የለውም። በነቀምቴ መጋዘን ጠባቂውና ደንበኛው በኦሮምኛ፣ ከሌላ ክልል የመጣው አቅራቢ በአማርኛ፣ የባንክና የውጭ ገዢ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ስለሚሠሩ፣ ሶፍትዌሩ ሦስቱንም ማስተናገድ ይኖርበታል። ክፍት የምንጭ ኮድ ያላቸው ሶፍትዌሮች እዚህ ላይ ይበልጣሉ፤ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተርና የሒሳብ ምሩቃን ይህን ማስተካከያ በአካባቢው ሆነው ቢሠሩ፣ ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ብልሽት ከአዲስ አበባ ባለሙያ ከመጥራት ይድኑ ነበር፤ ወጣቶቹም ሥራ ያገኙ ነበር።

ሦስተኛው እንቅፋት ከሁሉ ይከብዳል፤ እርሱም የሰው አሠራር ነው። ሊድል የተባለው ግዙፍ የጀርመን የችርቻሮ ድርጅት ለሰባት ዓመት ያህል ደክሞበት 500 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንደፈሰሰበት የተነገረለትን የኤስኤፒ ፕሮጀክት በ2018 እ.ኤ.አ. አቋርጧል፤ በዘገባዎች ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ፣ ሶፍትዌሩ የክምችትን ዋጋ በመሸጫ ዋጋ ሲያሰላ ድርጅቱ ግን የለመደውን የግዢ ዋጋ ስሌት አልለቅም ብሎ ሶፍትዌሩን በብዙ ለመለወጥ መሞከሩ ነው። ኸርሺ የተባለው የአሜሪካ የቸኮሌት ኩባንያም በ1999 እ.ኤ.አ. አዲሱን ሥርዓት በገበያው ወቅት መግቢያ ላይ በጥድፊያ በማስጀመሩ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ትእዛዝ ማድረስ ሳይችል ቀርቷል። የወለጋ ቡና አቅራቢ ከኸርሺ የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ አዲስ ሥርዓት በቡና መሰብሰቢያ ወራት መጀመር የለበትም።

በቤተሰብ የሚመራ ድርጅት ውስጥ ደግሞ የተለየ ፈተና አለ። ባለቤቱ ከካዝናው ለቤት ወጪ፣ ለልቅሶ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲያወጣ ሳይመዘገብ የሚያልፍ ከሆነ፣ የትኛውም ሶፍትዌር ትክክለኛውን ትርፍ ሊያሳይ አይችልም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የቤቱን ኪስ ከድርጅቱ ኪስ መለየት ነው። ሠራተኞችም ቢሆኑ ሥርዓቱ የመጣው እነርሱን ለመሰለል ነው ብለው ሊጠረጥሩ ይችላሉ፤ ጥርጣሬው በቁም ነገር መታየት አለበት። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደመዘገበና እንደሰረዘ የሚያሳየው ዱካ ሌባን እንደሚያጋልጥ ሁሉ፣ ቆጠራ በጎደለ ቁጥር ያለ ማስረጃ የሚወቀሰውን ታማኝ መጋዘን ጠባቂም ነጻ ያወጣል፤ ይህ በግልጽ ከተነገራቸውና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከተሳተፉበት ብዙዎቹ የሥርዓቱ ጠባቂዎች ይሆናሉ።

ወጪን በተመለከተ፣ በዶላር በየወሩ የሚከፈል የሶፍትዌር ኪራይ ከ2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ለአንድ የነቀምቴ ድርጅት ከባድ ነው፤ የውጭ ምንዛሪውን ማግኘትም ሌላ ጣጣ ነው። ክፍት የምንጭ ኮድ ያለው ሶፍትዌር የፈቃድ ክፍያ ባይኖረውም ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ የመትከያ፣ የማስተካከያ፣ የሥልጠናና የድጋፍ ወጪ አለው፤ አብዛኛውም ገንዘብ የሚሄደው ለሰው እንጂ ለፕሮግራሙ አይደለም። ሁለትና ሦስት ሠራተኛ ያለው ሱቅ ለጊዜው በተስተካከለ የሒሳብ ፕሮግራም መቀጠሉ ያዋጣዋል። ከአንድ በላይ መጋዘን ወይም ቅርንጫፍ ያለው፣ በዱቤ የሚሸጥ፣ ወይም ቡና የሚያዘጋጅ ድርጅት ግን መጀመር ያለበት ዛሬ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሁሉንም ሞጁል በአንድ ጊዜ ሳይከፍት ከመጋዘንና ከሽያጭ ተነሥቶ፣ እነዚህ ሲረጉ ሒሳብን፣ ቀጥሎም ደመወዝንና ምርትን ቢያስከትል ይሻለዋል።

የሚጀመርበት ቀንም ይታወቃል። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚገባና የዓመቱ የዕቃ ቆጠራ ሰኔ 30 ስለሚካሄድ፣ የተቆጠረው ክምችት በቀጥታ የአዲሱ ሥርዓት መነሻ ሒሳብ ይሆናል። ያን ቀን ለመጠቀም የሚፈልግ የነቀምቴ፣ የጊምቢ ወይም የኡኬ ነጋዴ ቢያንስ ከመጋቢት ጀምሮ የዕቃዎቹን ስም አንድ ወጥ ማድረግ፣ የዱቤ ደንበኞቹን ዝርዝር ከየደንበኛው ጋር ማመሳከርና የማይሸጠውን ዕቃ ከሚሸጠው መለየት ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ ኮምፒውተር ሳይገዛ፣ በያዘው ደብተር ላይ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።